ባዶ ትከሻ የማያውቅ ጭን

ሰው በቁሙ ጡንቻውን ለሌላ ሰው መስጠት ከተፈቀደ ዓመታት አልፈዋል። እኔ የሁለቱን ጭኖቼን ጡንቻ ለልጄ ለስንዱ ሰጠሁ። የእሷ ከልጅነቷ ጀምሮ እየሰለለ ነበር። የእኔ ግን እህል በረንዳ ገበያ ውስጥ አርባ ዓመት ኩንታል ተሸክሟል።

ዛሬ ነርሷ ሲስተር ፋይዛ ልትፈትናት መጣች። ስንዱ ዛሬ ካልተነሣች ጡንቻው ከነርቯ ጋር አልተያያዘም ማለት ነው፤ ሐኪሞቹ መልሰው ያወጡታል።

ስንዱ ከበርጩማው ለመነሣት ሞከረች። ጭኗ ተኮማተረ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ለቀቀ። ሦስት ጊዜ እንዲሁ ሆነ።

«አባዬ፣ ሰነፍ ጡንቻ ነው የሰጠኸኝ» አለች። ትስቃለች፤ ዓይኗ ግን እንባ አቅርሯል።

እኔ ጭኔ ከሳሳ ወዲህ ለመነሣት እንዲቀለኝ እግሩን ካስረዘምኩት ወንበሬ ላይ ሆኜ ጭኗን አየሁት። የት እንደሚለግም አውቃለሁ።

«ሲስተር፣ ያን የጤፍ ከረጢት ትከሻዋ ላይ አድርጊላት።»

«ኧረ አባባ! ባዶዋንም አልቻለች።»

«ይህ ጭን ባዶ ትከሻ አያውቅም። ጫኚባትና ከረጢቱን ሁለቴ በመዳፍሽ ምቺው።»

እኛ ወዛደሮች «ተነሥ» የምንባባለው እንደዚያ ነበር።

ጫነችባት። ሁለቴ መታችው። ስንዱ ተነሣች! ከነከረጢቱ እስከ ጓዳው በር ሄዳ ተመለሰች። ሲስተር እልልታዋን አቀለጠችው።

ላቅፋት ፈልጌ ወንበሩን ተደገፍኩ፤ መነሣት ግን አቃተኝ። ስንዱ ከረጢቱን አወረደች፣ ጀርባዬን ሁለቴ መታ መታ አደረገችና ብድግ አድርጋ አቆመችኝ።

«ከጤፉማ ትቀላለህ» አለችኝ።