ከንብረት ቁጥሩ ሥር

የኮምፒውተር ባለሙያዋ ከሣጥኑ ጀርባ የተለጠፈውን የንብረት ቁጥር በጥፍሯ መላጥ ስትጀምር፣ የንብረት ክፍሉ ሽማግሌ ከወንበራቸው ብድግ አሉ። "ተይ ልጄ! እሱን እኮ በገዛ እጄ ነው የለጠፍኩት።" ጠረጴዛው ላይ የተደረደሩት ሃያ ሣጥኖች፣ ሰርቨር ካልደገፋቸው ራሳቸውን የማይችሉ አሮጌ ቲን ክላየንቶች ነበሩ፤ አስወጋጅ ኮሚቴው ከምሳ በኋላ ሊወስዳቸው ነው። ባለሙያዋ እንደገና ልታሠራቸው ብላ መዝገቡ ላይ በሰፈረው የሞዴል ስም ሦስት ቀን ኢንተርኔት ላይ ብትፈልግ መመሪያቸውም ሶፍትዌራቸውም አልተገኘም።

"ሶፍትዌሩማ የትም አይሄድ፣ አባባ" አለች ፍርጥም ብላ። "የተሳሳተው መዝገቡ ነው። ትክክለኛው ስም እዚህ ሥር አለ፤ ሸፍነውታል።" ሽማግሌው ሣጥኑን ተቀብለው አገላበጡት። ዙሪያውን የአየር ቀዳዳ ነው፤ ሙጫ የሚይዘው ለስላሳ ቦታ የአምራቹ ጽሑፍ ያረፈበት ብቻ ነበር። ቁጥሩን እንደ ቁስል ፋሻ ቀስ አድርገው ላጡት። ከሥሩ ብቅ ያለውን ስም ኮምፒውተሯ ላይ ስትጽፈው፣ መመሪያውም ሶፍትዌሩም አንድ ገጽ ላይ ቁጭ ብለው ጠበቋት። "አላልኩም?" አለች፣ ሶፍትዌሩ መውረድ ሲጀምር። ሽማግሌው ግን ቀሪዎቹን አሥራ ዘጠኝ ቁጥሮችም ተራ በተራ ይልጡ ጀመር። "አባባ፣ አንዱ ይበቃናል እኮ!" ብትላቸውም አልሰሟትም።

በሩ ተከፈተና የኮሚቴው ሰብሳቢ ዝርዝሩን ይዞ ገባ። "የንብረት ቁጥራቸውን ያንብቡልኝና እንጫን።" ሽማግሌው ሃያውን ወረቀት ኪሳቸው ከተው ኮታቸውን ቆለፉ።

"ቁጥር የሌለው ንብረት" አሉ ኮስተር ብለው፣ "እኔ እያለሁ ከዚህ ክፍል አይወጣም።"