የሀሊሜ ፌሮ

ሀሊሜ በጨርቅ የጠቀለለችውን ብረት ፈትታ ጠረጴዛው ላይ ስታስቀምጥ ቶርኖ ሠራተኛው ኡበይድ ጭንቅላቱን ያዘ። ሽንኩርቷ ውኃ አጥቶ ማሳው ላይ እየጠወለገ፣ ለተሰበረው የፓምፕ ዘንግ መሥሪያ ብላ ከሮቢት እስከ ቆቦ ድረስ ለሦስተኛ ጊዜ ተሸክማ የመጣችው አሁንም የግንባታ ፌሮ ነበር።

"ኧረ ልቤን አታውልቂው! ለዘንግ የሚሆነው የመኪና ሸሚያስ፣ ያ ጎማ የሚያዞረው ጠንካራ ብረት ነው አላልኩሽም? ፌሮ ጭነት ሲበዛበት ይጠማዘዝና ይበጠሳል!" ሀሊሜ ልትመልስለት አፏን ስትከፍት እሱ ብረት መሞረጃውን ሞላ አስነሳውና የሚሽከረከረው ድንጋይ ጩኸት ድምጿን ዋጠው። ፌሮውን ድንጋዩ ላይ አስነካው፤ የእሳት ፍንጣሪው ቀጥ ብሎ ወጥቶ ሳይበተን ከሰመ። "አየሽ? የጠንካራ ብረት ፍንጣሪ እንደ ርችት ነው የሚበተነው። ቆይ፣ በድሮው ዘንግ ላሳይሽ!" ለልክ ብላ ደጃፉ ላይ ትታው የነበረውን የተሰበረ ዘንግ አንሥቶ አስነካው። ፍንጣሪው ቀጥ ብሎ ወጣና ከሰመ። አዙሮ በሌላው ጎኑ ሞከረው። ያው ነበር።

"ይኼንን ደግሞ የትኛው ግዴለሽ ነው የሠራልሽ?" ሞላውን አጥፍቶ የዘንጉን ጫፍ በጨርቅ ጠረገው። ከግራሶው ቅባት ሥር ሦስት ነጥቦች ብቅ አሉ፤ ሥራ በጨረሰ ቁጥር በመዶሻ እየመታ የሚያሳርፈው የራሱ የኡበይድ ምልክት ነበር።

"መንገድ የተዘጋ ጊዜ 'ሌላ ብረት የለም፣ ፌሮም ይሆናል' ብለህ ራስህ ሠርተኸው አልነበር?" አለችው ሀሊሜ። "እኔማ አሁንም ፌሮ የሚሆን መስሎኝ ነው አገር ያሰስኩት። ልነግርህ ስል ደግሞ ሁሌ ሞላ ታስነሳብኛለህ።"