እዚያማ ያውቁኛል

ኦርሊኮን ሰፈር ያለው የዕዳ አማካሪ ገና ምንም ሳይሠራላት ክፍያ ጠየቃት። የባንክ ካርዷን አውጥታ ጨበጠችው። በነጻ የሚያማክር ቢሮ እንዳለ ታውቃለች፤ ግን እዚያ የሚያስተረጉሙት እሑድ እሑድ ቅዳሴ ላይ የምታገኛቸው ጋሽ እንድሪያስ ናቸው። ጉዷን እሳቸው ከሚሰሙ እዚህ ብትዘረፍ ይሻላታል።

«ቅድሚያ ክፍያ ነው አልኩሽ» አላት ሰውየው። ንድድ አለች። ካርዱን ልትሰጠው እጇን ስትዘረጋ በሩ ተከፈተና ጋሽ እንድሪያስ ያልተከፈቱ የዕዳ ፖስታዎች ታቅፈው ገቡ። ሲያዩዋት ደርቀው ቀሩ።

«እርስዎ እዚያኛው ቢሮ አይደል እንዴ የሚያስተረጉሙት?»

አንገታቸውን ደፉ። «እዚያማ ያውቁኛል፣ ልጄ።»

ካርዷን ቦርሳዋ ውስጥ ወረወረችና ክንዳቸውን ያዘች። «ይምጡ፣ እንውጣ! ነገ እዚያ አብረን ነው የምንገባው።»