ደህና ነኝ ባዩ በሽተኛ

የአረጋውያን ሕክምና ሥልጠናው የመጨረሻ ፈተና ቀላል ይመስል ነበር፦ በሽተኛ መስለው የተቀመጡትን ሽማግሌ አናግሮ የሚያማቸውን ማወቅ። ወጣቷ ነርስ ግን ላብ በላብ ሆነች። ምን ብትጠይቃቸው፣ ሽማግሌው በአክብሮት ከወንበራቸው ከፍ እያሉ፣ «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን! አንቺስ ደህና ነሽ?» ይሏታል። ፈታኟ ዶክተር ጥግ ላይ ቆማ ሰዓቷን ታያለች።

ነርሷ ተስፋ ቆርጣ አጠገባቸው ዘፍ አለች። «ምን ደህንነት አለ ብለው ነው አባባ! ቆሜ ውዬ እግሬ አለቀ።»

«እኔን!» አሉ ሽማግሌው ጠጋ ብለው። «የኔም ጉልበት ከክረምት ወዲህ ሲጠዘጥዘኝ ያድራል። ደረጃማ ተይው።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ልጄ እንዳትጨነቅ ብዬ ግን አልነገርኳትም።»

ነርሷ በደስታ ከመቀመጫዋ ዘለለች። «ዶክተር፣ አገኘሁት! ጉልበታቸውን ነው የሚያማቸው!»

ዶክተሯ ክው አለች። «እኔ ያስጠናኋቸው እኮ የሆድ ሕመም ነው።» ከዚያም መጥታ ሽማግሌው ፊት በርከክ አለች። «አባዬ፣ ጉልበትህን ያምሃል እንዴ?»

ሽማግሌው ከወንበራቸው ከፍ አሉ።

«ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን! አንቺስ ደህና ነሽ?»