የጎደለችው አምስት-ሁለት

ደያኒራ አልሞንቴ ዓመቱን ሙሉ እጇን ስታወጣ፣ መምህር ኤሪቤርቶ አንድም ቀን ጠመኔ አቀብለዋት አያውቁም። ከሞካ ከተማ ለብሔራዊው የሒሳብ ውድድር የሚላከው አንድ ተማሪ ብቻ ነው። ምርጫው ዛሬ ቢሆንም ቦታው ለክፍል ጓደኛዋ ለዊልኪን እንደተያዘ ሁሉም ያውቃል። ይህን ባሰበች ቁጥር ደሟ ይፈላል።

"አንቺ፣ የዶሚኖውን ሳጥን ከቢሮ አምጪ" አሏት መምህሩ። "ለመሸከም እንኳ ትሆኛለሽ።"

አመጣችና ጠረጴዛው ላይ ዘጭ አድርጋ ወደ ቦታዋ ተመለሰች።

"እነዚህ ሁለት ሁለት ቁጥር ያለባቸው ጠጠሮች ሁሉ እንደ ጨዋታው፣ አምስት ከአምስት፣ ሁለት ከሁለት እየተነካኩ ባንድ መስመር ሲደረደሩ፣ ሁለቱ ጫፎች ምን ጊዜም አንድ ዓይነት ቁጥር ይሆናሉ። በቃላችሁ ያዙት" አሉ መምህሩ።

"ለምን ይሆናል፣ ፕሮፌ?" አለች ደያኒራ መምህሩን።

"ለምን የሚባል ነገር ፈተና ላይ አይመጣም። ያዙት አልኩ።"

ዊልኪን ደረደረ። አንዱ ጫፍ አምስት፣ ሌላው ሁለት ሆነ። ክፍሉ በሳቅ አውካካ። መምህሩ ፊታቸው ቀልቶ መገጣጠሚያዎቹን ሁሉ አዩ። ስህተት የለም።

"አምስት-ሁለት ያለባት ጠጠር ጎድላለች" አለች ደያኒራ ከተቀመጠችበት ሳትነሳ።

"ሳይቆጥር፣ ሳይነካ እንዲህ የሚያውቅ ሌባ ብቻ ነው" አሉ መምህሩ።

ቦርሳዋን ነጥቀው ዘረገፉት። ማበጠሪያ፣ ደብተር፣ ግማሽ ሙዝ። ሌላ ምንም የለም።

"ሌባ ካሉኝ በኋላማ ዝም አልልም" አለች። "ጠመኔውን ይስጡኝ።"

"እንኪ። ካላሳመንሽኝ ግን ሁለተኛ ይህን ደጅ አትረግጪም።"

ጠመኔው እየተሰበረባት ጻፈች። "እያንዳንዱ ቁጥር በጠቅላላው ስምንት ቦታ አለ። መሃል ላይ ያለው ሁሉ ከመሰሉ ጋር ተጣምሯል። ስምንት ደግሞ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ያልቃል። ስለዚህ አንድ አምስት ጫፍ ላይ ብቻውን ከቀረ፣ ጓደኛው ሌላኛው ጫፍ ላይ መገኘት አለበት። እዚያ ያለው ግን ሁለት ነው። አንድ አምስትና አንድ ሁለት ጠፍተዋል፤ ሁለቱም ያሉት አንዲት ጠጠር ላይ ነው። ይህን ለማወቅ ሌባ መሆን አያስፈልግም።"

"እውነቷን ነው፣ ፕሮፌ" አለ ዊልኪን ራሱ።

መምህሩ ሰሌዳውን ትክ ብለው አዩት። "በከንቱ ስምሽን አጎደፍኩ፤ ይቅር በይኝ" አሉና ከውድድሩ መመዝገቢያ ወረቀት ላይ የዊልኪንን ስም ሰርዘው የሷን ጻፉ።

ይቅርታው ንዴቷን አላበረደውም። ዓመቱን ሙሉ የት ነበሩ? ሳታመሰግን ወጣች።

የትምህርት ቤቱን አጥር ዞር እንዳለች አንድ እግር ጫማዋን አወለቀችና አምስት-ሁለትን አራገፈች።