የተሰረዘው የመጀመሪያ ገጽ

«ልጄ፣ እስቲ ይኼን እዪልኝ፤ እምቢ አለኝ» ይለኛል ፕሮፌሰሩ፣ ኮምፒውተሩን ወደ እኔ እየገፋ። ከተቀመጥኩበት በጣቱ ጠቅሶ ነው የጠራኝ። አዳራሹ ሞልቷል። የፊተኛውን ረድፍ የጋበዛቸው ሰዎች ይዘውታል፤ ሚስቱ እቅፍ አበባዋን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ፈገግ ብላለች።

ገመዱን ነቅዬ መልሼ እሰካዋለሁ። ግድግዳው ይበራና ፕሮግራሙ ይከፈታል። የኔ ፕሮግራም! የሱ ረዳት ሆኜ ስሠራ ዓይኔ እስኪፈስ የጻፍኩት። ብርሃናቸው የሚጨምርና የሚቀንስ ከዋክብት አሉ። የሚከታተሏቸው ሰዎች ኮከቡ በየትኛው ሰዓት እንደደበዘዘ መዝግበው ይልካሉ፤ ፕሮግራሙ ደግሞ ከዚያ ሁሉ ሰዓት ውስጥ የኮከቡን ምት ፈልጎ ያወጣል። ሥራው እንዳለቀ እኔን አሰናበተኝ፤ ፕሮግራሙን አስቀረው።

«የመጀመሪያው ገጽ የት ሄደ፣ ፕሮፌሰር?» እለዋለሁ። በአፌ አንቱ እለዋለሁ እንጂ በሆዴ አንተ ካልኩት ቆይቻለሁ።

«እሱማ አወጣሁት። ምን ይሠራል? ዝም ብሎ ጊዜ ይፈጃል።»

እዚያ ገጽ ላይ ስሜ ነበር። ከስሜ ሥር ደግሞ አንድ ጥያቄ ነበር፦ «ሰዓቶቹ አስቀድመው ታርመዋል?» ምድር ፀሐይን ስትዞር አንዴ ወደ ኮከቡ ትቀርባለች፣ አንዴ ትርቃለች፤ ስለዚህ ብርሃኑ አንዴ ትንሽ ቀደም፣ አንዴ ትንሽ ዘግየት ብሎ ይደርሰናል። ፕሮግራሙ ይህንን ያርማል። መዝጋቢዎቹ ራሳቸው አርመው ከላኩት ግን ሁለተኛ መንካት አያስፈልግም፤ የሚጠይቀውም ለዚህ ነው። ሰውዬው ስሜን ላጥፋ ብሎ ጥያቄውንም አብሮ አጠፋው። ፕሮግራሙ አሁን ሳይጠይቅ የታረመውንም ደግሞ ያርማል።

ይህን የጠረጠርኩት የዛሬው ግኝት በጋዜጣ ሲወራ ነው። ሰዓቶቹን ከመዝጋቢዎቹ ድረ ገጽ አውርጄ አየኋቸው። አናታቸው ላይ «የታረመ» ተብሎ ቁልጭ ብሎ ተጽፏል። ለማንም ትንፍሽ አላልኩም።

«ሌላ የሚፈልጉት ነገር አለ?» ብዬ እቆማለሁ። አንድ ቃል ብቻ፣ እለዋለሁ በሆዴ። ይህን የጻፍሽው አንቺ ነሽ በለኝ፤ አሁኑኑ በጆሮህ ነግሬህ ከዚህ መድረክ በክብር ትወርዳለህ።

«የለም፣ የለም። ሂጂ ተቀመጪ። ከኋላ ግን፤ ፊት ያለው የእንግዶች ቦታ ነው።»

እሺ።

ታላቅ እህቴ ከኋላ ወንበር ይዛልኛለች። ስለ ከዋክብት ደንታም የላት፤ የመጣችው እኔን ልትጠብቅ ነው። «ጠባይሽን አውቀዋለሁ» ብላ ነው ስትከተለኝ ያረፈችው።

ፕሮፌሰሩ ጉሮሮውን ይጠርጋል። «ይህንን ፕሮግራም» ይላል አፉን ሞልቶ፣ «እያንዳንዷን መስመር በገዛ እጄ ነው የጻፍኩት።»

እህቴ ክንዴን ጭምድድ ታደርገኛለች። «ዓይኑን በጨው አጥቦ! አንቺ፣ ዝም ልትዪው ነው?»

«ቆይ፣ ይጨርስ።»

ይቀጥላል። ግድግዳው ላይ የኮከቡ ምት ሲቀድምና ሲዘገይ ከፍ ዝቅ የሚል መስመር ይመጣል፤ ያማረ ማዕበል ነው። በእጁ የያዘውን ጠቋሚ ያበራና ቀይዋን ነጥብ በማዕበሉ ላይ ያስጋልባታል። «ኮከባችን ብቻውን አይደለም። ወዲያና ወዲህ የሚጎትተው፣ ማንም አይቶት የማያውቅ ጓደኛ አለው። ይኸውላችሁ!» ጭብጨባው አዳራሹን ይሞላዋል። ሚስቱ አበባዋን ይዛ ብድግ ትላለች።

እጄን አውጥቼ እቆማለሁ።

«እንኳን ደስ አለዎት፣ ፕሮፌሰር። ይህ የማይታየው ጓደኛ አንዴ ለመዞር ምን ያህል ጊዜ ይፈጅበታል?»

«ልክ አንድ ዓመት» ይላል እየሳቀ።

«ከየት መጥቶ ነው በኛ ዓመት የሚዞረው?»

መጀመሪያ የሚስቅ አለ። ከዚያ ከፊት ረድፍ አንዲት አዛውንት ተመራማሪ መነጽራቸውን ያወልቁና ግድግዳውን ትክ ብለው ያያሉ። «ይኼማ የምድር ዙር ነው!» ይላሉ። «ምን ነካህ አንተ፣ ሰዓቱን ሁለቴ አረምከው እንዴ?»

ፕሮፌሰሩ ክው ይላል። ወደ ግድግዳው ይዞራል፣ ወደ አዛውንቷ ይዞራል። ከዚያ ጣቱ እኔ ላይ ያርፋል።

«እኔ አይደለሁም፤ ፕሮግራሙ ነው! የጻፈችው ደግሞ እሷ ናት፣ ይህችው ከኋላ የቆመችው! እያንዳንዷን መስመር እሷ ናት የጻፈችው!» ስሜንም ይጠራል። ከነአባቴ፣ ከነአያቴ፣ ያውም በማይክሮፎን።

ሰው ሁሉ ዞሮ ያየኛል። ይህንን ቃል ስንት ጊዜ በሕልሜ ሰምቼዋለሁ፤ እንዲህ እየጮኸ ይሰጠኛል ብዬ ግን አስቤም አላውቅ።

«እሰይ!» ትላለች እህቴ፣ ድምጿን እንኳ ሳትቀንስ።

«አዎ፣ እኔ ነኝ» ብዬ ወደ መድረኩ እሄዳለሁ። የመጀመሪያው ፕሮግራሜ ያለበት ፍላሽ ኪሴ ውስጥ ነው፤ ከቤት ይዤው ነው የወጣሁት። እሰካዋለሁ፤ የመጀመሪያው ገጽ ግድግዳውን ሞልቶ ይበራል። ስሜ፣ ከሥሩም ጥያቄዬ።  «አዎ» የሚለውን እጫናለሁ።

ማዕበሉ ይተኛል። ከግድግዳው ጫፍ እስከ ጫፍ ቀጥ ያለ መስመር ብቻ ይቀራል።

የሚስቱን ፊት ሳይ ይከፋኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። ምን ልዋሽ፣ አልከፋኝም። ፕሮፌሰሩ ጠቋሚውን ማጥፋት ረስቷል፤ ቀይዋ ነጥብ ማዕበሉ በነበረበት ባዶ ቦታ ላይ ትንቀጠቀጣለች።