በሚካኤል ቀን የተቆጠሩት መኪኖች

«ኢንጂነር... ዛሬን አትቁጠር!»

ኢንጂነር ዳኛው ቀና ብሎ እንኳ አላየም።

ጎንደር መሀል ከተማ፣ አንድ ክሊኒክ በር ላይ ቆሞ የሚገባ የሚወጣውን መኪና ወረቀት ላይ ይጭራል።

መሀል ከተማው ሊታደስ ነው። መኪና የት ይቁም፣ የት አይቁም የሚለውን የሚያጠናው እሱ ነው።

የተናገሩት አያ ዕንባቆም ናቸው... እዚያው በር ላይ አሥራ ስምንት ዓመት መኪና የጠበቁ ሽማግሌ።

«ምነው አያ?»

«ዛሬ እኮ ኅዳር ሚካኤል ነው! የወገራ ሰው ዝክር ላይ ነው፤ ማን ይመጣል ብለህ ነው? ነገ ና። ከአምባ ጊዮርጊስ፣ ከድብ ባሕር በሽተኛ የጫነው መኪና እዚህ በር ላይ ተደርድሮ ታየዋለህ።»

«ሪፖርቱ ነገ ጠዋት ይፈለጋል።»

«ታዲያ ያላየኸውን ልትጽፍ ነው?»

«ያየሁትን ነው የምጽፈው አያ።»

ያየውንም ጻፈ... ከጠዋት እስከ ማታ ሰባት መኪና።

በመሀል ስልኩ ጮኸ። እናቱ እናኑ ናት፣ ከአምባ ጊዮርጊስ።

«ልጄ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ለዝክሩ ተሰብስቧል። ብቅ አትልም?»

«ሥራ ላይ ነኝ እማዬ።»

«ሸጋ። የድርሻህን አስቀምጥልሃለሁ።»

ስልኩን ዘግቶ መቁጠሩን ቀጠለ።

ልብ በሉ... እናኑ አስም አለባት። የምትታከመውም እዚሁ ክሊኒክ ነው። ዝክር ባይሆንባት ኖሮ ስምንተኛዋ መኪና የእሷ ትሆን ነበር።

ዳኛው የገበሬ ልጅ ነው። ሚካኤል ምን እንደሆነ ጠፍቶት አልነበረም።

ሪፖርቱ እንዲህ ይላል፦ «ከክሊኒኩ ፊት ያለው ማቆሚያ ተፈላጊነቱ አነስተኛ ስለሆነ ወደ አረንጓዴ ስፍራ ይለወጥ። የመኪና ማቆሚያው ከቁልቁለቱ ግርጌ ይሠራ።»

ነዋሪው ተጠርቶ ሲወያይ አያ ዕንባቆም እጃቸውን አወጡ።

«በሽተኛ የሚወርድበት፣ ሁለት መኪና የሚያቆም ቦታ እንኳ ተዉልን።»

ዳኛው ፈገግ አለ።

«አባባ፣ ጥናት የሚናገረው በቁጥር ነው።»

አዳራሹ ሳቀ። ሽማግሌው ተቀመጡ።

ያ ሳቅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ...

ሥራው አለቀ። እውነት እንነጋገር ከተባለ ያምራል! ከክሊኒኩ በር እስከ ታችኛው ማቆሚያ ድረስ አበባ፣ መብራት፣ አግዳሚ ወንበር... ላይ ደግሞ መኪና እንዳይገባ የብረት ምሰሶ።

አያ ዕንባቆም የሚጠብቁት መኪና ስላልነበረ ከሥራ ወጡ። የሚሄዱበት ቢያጡ አግዳሚው ወንበር ላይ መዋል ጀመሩ።

ዳኛው ፎቶ አነሳና አገር ቤት ሲሄድ ለእናቱ አሳያት።

«ይኼ ሁሉ አበባ ያንተ ነው?»

«አዎ እማዬ።»

ስልኩን ሳመችው።

ሐምሌ ላይ፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ እናኑ ትንፋሽ አጠራት።

ጎረቤቷ ፋንታሁን ሚኒባስ ለምኖ አሳፈራት። ለዳኛው ደወለለት፤ እሱ ለሥራ እንፍራንዝ ነበር። «ውሰዳት! እየመጣሁ ነው!» አለ።

መኪናው ክሊኒኩ በር ደረሰ... ብረት!

ለአፍታ እንኳ መቆሚያ የለም፤ ከኋላ የተከተለው መኪና ጥሩምባውን ይነፋል። ሾፌሩ ዞሮ ቁልቁለቱን ወረደ። ታች አቆመ። ከዚያ ፋንታሁንና ሾፌሩ በጋቢ ተሸክመዋት ዳገቱን ተያያዙት።

አያ ዕንባቆም ከወንበራቸው ዘለው ተነሱ። የጋቢውን ጫፍ ያዙ።

«በአበባው መሀል አቋርጡ! በሩ ይኸው!»

ይኼኔ እናኑ እጃቸውን ጨመደደች።

«ተዉ... የልጄን አበባ... አትርገጡበት...»

«የምን ልጅ?»

«ይኼን ያሠራው... የኔ ልጅ ነው...»

ሊያልፉ ሲሉ ተወራጨች። ትንፋሿ ጭራሽ ሊቆም ሆነ። እንዳትረበሽ ብለው እሺ አሏት... በሱቆቹ በኩል፣ ዙሪያውን ዞሩ።

በሩ ላይ ሲደርሱ የያዘችውን እጃቸውን ለቀቀች።

ሐኪሙ «ትንሽ ቀደም ብላችሁ ቢሆን...» ብሎ አልጨረሰውም።

ዳኛው እያልኩ የነገርኳችሁ ሰው...

እኔ ነኝ። የዚህ ገጽ ባለቤት።

ስደርስ አያ ዕንባቆም በሩ ላይ ቆመው ነበር። ይሰድቡኛል ብዬ ጠበቅሁ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ዓይናቸውን ከመሬት ሳያነሱ እንዲህ አሉኝ፦

«ኢንጂነር... አበባህን አልረገጥንብህም።»

ከዚያ ወዲህ ምሰሶዎቹ ተነቅለው የበሽተኛ ማውረጃ እንዲሠራ ሁለቴ ደብዳቤ ጽፌያለሁ። መልሱ ባለፈው ሳምንት ደረሰኝ።

«በጥናቱ መሠረት የቦታው ተፈላጊነት አነስተኛ ነው» ይላል።

ከሥሩ የጥናቱ ባለቤት ስም አለ። የኔ ስም።

ወገኖቼ... ባየነው ቀን ያልመጣ ሰው የለም ማለት አይደለም። ቦታውን የሚያውቅ ሽማግሌ «ነገ ና» ሲላችሁ፣ እባካችሁ ነገ ሂዱ። እኔ አንድ ቀን መጠበቅ አቅቶኝ እናቴን አጣሁ።

አንድ ነገር ግን እንቅልፍ ነስቶኛል፣ እናንተው ፍረዱ...

በዚያ ጠዋት የጋቢውን ጫፍ የያዛችሁት እናንተ ብትሆኑ፣ ቃሏን ሰምታችሁ ትዞሩ ነበር... ወይስ አበባውን ረግጣችሁ ታልፉ ነበር?